ከስሙ በፊት መንደሩን፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

የፒሮጊው ምግብና የማዙርካው ጭፈራ ለማታ ነው። ቀኑን የምናሳልፈው ከሰነድ ጋር ነው። ፖላንዳዊ የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ስም ይዘው ይነሣሉ፣ መንደሩን አያውቁትም። ኮቫልስኪ «ኮቫል» ከሚለው ቃል የወጣ ስም ነው፤ ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ቀጥቃጭ ያልነበረበት መንደር ደግሞ የለም። መንደሩም ቢገኝ ኖቫ ቪየሽ፣ ማለትም አዲስ መንደር፣ የሚባለው ብዙ ስለሆነ በአቅራቢያው ያለው ከተማና ሰበካው አብረው መታወቅ አለባቸው። ፍለጋው የሚጀመረውም ከፖላንድ ሳይሆን ከተሰደዱበት አገር ነው። በስደት ያለች የፖላንዳውያን ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ መንደሩን ጽፎ ሊገኝ ይችላል።

የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ የስደተኛው አገር «ሩሲያ» ወይም «ኦስትሪያ» ተብሎ ቢገኝ አትደንግጡ። ፖላንድ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሦስት ጎረቤቶቿ፣ በሩሲያ፣ በፕሩሲያና በኦስትሪያ፣ ተቆራርሳ ለ123 ዓመታት ከካርታ ጠፍታ ነበር። ዛሬ ቆመን የምንዘምረው ብሔራዊ መዝሙር እንኳ በ1797 ጣሊያን ውስጥ፣ ዩዜፍ ቪቢትስኪ በስደት ላሉ ወታደሮች የጻፈው ነው። ሰው ያለ መንግሥት ፖላንዳዊ ሆኖ መኖር ይችል ነበር፤ መዝገቡ ግን የገዢውን ቋንቋ ይናገራል።

በኦስትሪያ ሥር በነበረችው ጋሊሲያ የሰበካ መዝገብ በላቲን፣ በሠንጠረዥ ነው፤ ጥቂት ቃላት ያጠና ሰው ይወጣዋል። በፕሩሲያ ክፍል ከኦክቶበር 1 ቀን 1874 ጀምሮ የመንግሥት ጸሐፊ በጀርመንኛ ይመዘግባል። ሰው የሚፈራው በሩሲያ ሥር ሆኖ «የፖላንድ መንግሥት» ይባል የነበረውን ክፍል መዝገብ ነው። በናፖሊዮን ሕግ መሠረት ከ1808 ጀምሮ እንደ ትረካ ይጻፋል፤ አባት ከነዕድሜውና ከነሥራው፣ ሁለት ምስክሮች፣ ከዚያ እናትና ሕፃኑ። ቁጥሩ ሁሉ በፊደል ነው። በ1868 ቋንቋው ከፖላንድኛ ወደ ሩሲያኛ ተለወጠ። የአይሁድ ቤተሰቦች ከ1826 ጀምሮ የራሳቸው መዝገብ አላቸው፤ በክርስቲያኖቹ መዝገብ ሲፈልጓቸው ጊዜ ያባከኑ ብዙ ናቸው። ሌላው ወጥመድ ከላይ ያለው ቀን ነው፤ አባት ለማስመዝገብ የመጣበት እንጂ ልጁ የተወለደበት አይደለም። ሁለት ቀን ጎን ለጎን ተጽፎ ካያችሁ አንዱ ሩሲያ ትጠቀምበት የነበረው የጁልያን አቆጣጠር ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በ12 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። በሁለት አቆጣጠር ለምንኖር ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የስም ጉዳይ ለብቻው አንድ ጉባኤ ይወጣዋል። ኖቫኮቫ የኖቫክ ሚስት፣ ኖቫኩቭና ደግሞ ያላገባች ልጁ ናት፤ ሦስት ቤተሰብ እየመሰላቸው የሚለያዩአቸው አሉ። ቮይቼክ በላቲን መዝገብ አዳልቤርቱስ ነው። ሽቼፓንስኪ በእኛ ፊደል በ«ሽ» እና በ«ቼ» ይጀምራል፣ በላቲን ፊደል ግን አራት ተነባቢ ተደርድሮ ነው የሚጀምረው፤ የውጭ ጸሐፊ ቢያሳጥረው አይፈረድበትም። የኒውዮርክ የስደተኞች መቀበያ በነበረችው ኤሊስ ደሴት ላይ ስም ተቀየረ የሚባለው ግን ተረት ነው፤ ዝርዝሩ የሚዘጋጀው መርከቡ በተነሣበት ወደብ ነበር።

የልደት መዝገብ 100፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ 80 ዓመት ሲሞላው ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት ይዛወራል። ከዚያ በኋላ «ገኔቴካ» በሚባለው የስም ማውጫና በቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ በነፃ መፈለግ ይቻላል። ያልደረሰውን ከከተማው የመዝገብ ጽሕፈት ቤት ስትጠይቁ አጭሩን ሳይሆን ሙሉውን ቅጂ በሉ፤ በኅዳጉ የሰፈሩት ማስታወሻዎች ያሉት እዚያ ነው።

ዜግነት ለሚፈልጉ፦ ሕጉ የአያትን ዘር ሳይሆን ያልተቋረጠ የዜግነት ሰንሰለት ነው የሚጠይቀው። መነሻው ከጃኑዋሪ 31 ቀን 1920 የጸናው ሕግ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ሰው ሰንሰለቱን አይጀምርም። ከዚያ በኋላ የሆነ ደግሞ በዚያ ሕግ ደንብ የፖላንድ ዜግነቱን ያጣ ነበር፤ ለውትድርና ግዴታ የደረሰ ወንድ ግን ሳይፈቀድለት የውጭ ዜግነት ቢወስድም በፖላንድ ዓይን ዜጋ ሆኖ ይቀር ነበር። እስከ 1951 የውጭ ዜጋ ያገባች ሴት ዜግነቷን ታጣ ነበር፤ በጋብቻ የተወለደ ልጅም አባቱን ይከተል ነበር። ስለዚህ አያት የውጭ ዜግነት የወሰዱበት ቀን ከልደታቸው ቀን በላይ ያስፈልጋል። የውጭ ሰነድ አፖስቲል (ሰነዱ በሌላ አገር እንዲታወቅ የሚያደርግ ማረጋገጫ) ካስፈለገው አስቀድማችሁ አስደርጉ፤ ከዚያ ቃለ መሐላ ለፈጸመ ተርጓሚ ስጡ፤ ተገልብጦ ከተሠራ ማኅተሙ ሳይተረጎም ይቀራል።

የፖላንዳዊ ካርድ፣ ማለትም «ካርታ ፖላካ»፣ ሌላ ነገር ነው። በ2007 ሕግ የመጣ፣ በ2019 ለዓለም ሁሉ የተከፈተ የወገንነት ማረጋገጫ እንጂ ፓስፖርት አይደለም፤ መሠረታዊ ፖላንድኛ መናገርንም ይጠይቃል።

በጠረጴዛችሁ ያለው ቅጽ አራት ክፍት ቦታ አለው፦ የስደተኛው ስም በትውልድ አገሩ አጻጻፍ፣ መንደሩና ሰበካው፣ የወጣበት ዓመት፣ የውጭ ዜግነት የወሰደበት ቀን። ያላወቃችሁትን ባዶ ተዉት፤ በግምት የተሞላ ቅጽ ከባዶው ይልቅ ያስቸግረናል። ጉባኤው ተከፍቷል።