«ጀርባዬ አልችል አለ»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ደዋዮች ሴሬብራል ፓልሲ (በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። መልስ የሚሰጡት ደግሞ ሕፃናትን ሲያክሙ የኖሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናቸው።

እናት፣ ከኮተቤ፦ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አይቀመጥም። እስካሁን አዝዬው ኖሬያለሁ። አሁን ግን ከበደኝ፣ ወገቤን ያመኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ከወደቅሽ እሱን ማን ያነሳዋል? የወገብሽ ነገር የእሱም ሕክምና ነው። ከተኛበት ቀጥ አድርገሽ አታንሺው። መጀመሪያ በጎኑ አዙሪው። እግሮቹን ከአልጋው ጫፍ አውርጂ፣ ትከሻውን ደግፈሽ አስቀምጪው። ከዚያ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ያዢው፣ በእግርሽ ኃይል ተነሺ። ሁልጊዜም አስቀድመሽ «ላነሳህ ነው» በይው። እነዚህ ልጆች ሲደነግጡ ይገተራሉ፤ የተገተረ ልጅ ደግሞ ይከብዳል። አንገትሽን ማቀፍ ከቻለ ይቀፍሽ፤ ለእሱ ልምምድ ነው።

ማዘልሽ ጥፋት አልነበረም። እግራቸው እንደ መቀስ የሚጠላለፍ ልጆች ሲታዘሉ እግራቸው ይከፈታል። አሁን ግን ወንበር ያስፈልገዋል። ዊልቸር ከተገኘ በልኩ ይሁን። በስጦታ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የትልቅ ሰው ነው፤ ልጁ ውስጡ ይሰምጥና ይጣመማል። እስከዚያው የሰፈር አናጺ የማዕዘን ወንበር ሊሠራለት ይችላል። ጀርባውና ጎኑ ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይርገጥ፣ ከፊቱ ጠረጴዛ ይኑረው። ልኩን ባለሙያ ይለካልሽ።

አባት፣ ከባሕር ዳር፦ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ስትበላ ያስላታል፤ አንዱ ምግብ ሰዓት ይፈጃል። እናቴ «ጋቷት» ትላለች።

መልስ፦ መጋት ይቅር። እናትዎ ለደግ ብለው ነው፣ ግን አደገኛ ነው። ልጅን በጀርባ አስተኝቶ አጥሚት ሲያፈሱበት ወደ ሳንባ ይገባል። ሳንባ ምች እየተመላለሰ የሚያሠቃያቸው ብዙዎቹ በዚህ ነው።

ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ አገጯ ትንሽ ወደ ደረቷ ዝቅ ይበል። እርስዎ ከፊት ለፊቷ፣ በዓይኗ ትክክል ይቀመጡ። ቆመው ካጎረሷት ቀና ትላለች፤ ቀና ስትል ምግቡ የአየር ቧንቧዋን ሊያገኝ ይችላል። ውሃና ቀጭን አጥሚት ቶሎ ስለሚወርድ ያስላል፤ ለስለስ ያለ ገንፎ ይሻላታል። ቅቤ ወይም ዘይት ጣል ያድርጉበት፤ በትንሽ ጉርሻ ብዙ ኃይል ታገኛለች። ማንኪያውን ግማሽ ብቻ ይሙሉ። መዋጧን ሳያዩ አይድገሙ። አንዴ ብዙ ከማብላት ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ይስጧት። ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት አያስተኟት። ይህ ሁሉ ተደርጎም ካሳላት፣ ወይም ከምግብ በኋላ ድምፅዋ ውሃ የያዘ ከመሰለ፣ ሐኪም ይያት።

አያት፣ ከጎንደር፦ የልጅ ልጄን ይጥለዋል። ጠበል ልንወስደው ነው። መድኃኒቱን እናቁም?

መልስ፦ እማማ፣ በፍጹም አይቆምም። እንደ ፌኖባርቢታል ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ሕይወትም ያሳጣል። ጠበሉን ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይዋጥ። ፈሳሽ የሚያስለው ከሆነ ግን ጠበሉን በብዛት አያጠጡት።

ሲጥለው ክብሪት አያሽትቱት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አያስገቡ፣ ጨምድደውም አይያዙት። በጎኑ ያዙሩት፣ የአንገት ልብሱን ያላሉ፣ ሰዓት ይመልከቱ። አምስት ደቂቃ ካለፈው ሆስፒታል ያድርሱት።

እናት፣ ከአዳማ፦ ጎረቤት «እርግማን ነው» ይለኛል። አምጬ የወለድኩት ልጄ ነው። ደግሞ ለአንድ ደቂቃ እንኳ የምተወው ሰው የለኝም።

መልስ፦ እርግማን አይደለም። በረዘመ ምጥ አየር ማጠር፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ የበረታ የጨቅላ ወይቦ (የሕፃኑ ቢጫ መሆን)፣ ማጅራት ገትር፤ ምክንያቶቹ እነዚህና መሰሎቻቸው ናቸው። ለጎረቤት ይኸው ይበቃል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ልጅሽን ካንቺ በቀር የሚያጎርሰው ከሌለ ብትታመሚስ? አንድ ሰው ምረጪ። እህትሽ ትሁን፣ አክስቱ፣ ወይ የዕቁብ ጓደኛሽ። እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚበላ፣ መድኃኒቱን ስንት ሰዓት እንደሚወስድ በወረቀት ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። መጀመሪያ እሷ ስታጎርሰው አጠገቧ ሆነሽ እያት። ሲለማመዱ ጓዳ ግቢ። ቀጥሎ ገበያ ደርሰሽ ነዪ።