ጀሪካኑ ሲሞላ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከልቤ አልወጣ ያለ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ሌሊት ነው። ስለዚህ ማታ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ እተኛለሁ። መጀመሪያ የሚመጣው አየሩ ነው። ሽሽሽ ይላል፣ ያስነጥሰዋል፣ ከዚያ ውሃው ይከተላል። ያንን ስሰማ እነሳለሁ። ይሄን የምታውቁት ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጣ። መብራት አልነበረም። የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ነው የምትኖረው፣ 10ኛ ክፍል ናት። እሷም ተነስታ ጀሪካን ታቀብለኝ ጀመር። በጨለማ አንዱን እሞላለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ሌላውን እተካለሁ። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ፣

"አክስቴ፣ ሳታዪው መሙላቱን በምን አወቅሽ?" አለችኝ።

"በድምፁ ነዋ።"

"ድምፁ ምን ይሆናል?"

"ይቀጥናላ።"

"ለምን?"

ዝም አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጀሪካን በጆሮዬ ስሞላ ኖሬያለሁ። ፊዚክስም ተምሬያለሁ፣ ስለ ሞገድ የመጣ ጥያቄ ሠርቼ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። ሁለቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው አያውቁም። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

እስኪ አብረን እንየው። ውሃው ሲወርድ ጀሪካኑ ውስጥ ያለውን አየር ይመታዋል። አየሩ ይርገበገባል። ያ መርገብገብ ነው ጆሮዬ ድረስ የሚመጣው። አየሩ ራሱ ግን አይመጣም። የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ከኋላ አንድ ሰው ገፋ ሲያደርግ ግፊቱ ከሰው ሰው እያለፈ ፊት ያለው ጋ ይደርሳል። የገፋው ሰውዬ ግን እዛው ቦታው ላይ ነው። ድምፅ ይሄው ነው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚተላለፍ ግፊት። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 ጊዜ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ይሰማል። ቀስ ብሎ የሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ ነው፣ ቶሎ ቶሎ የሚለው ቀጭን።

ባዶ ጀሪካን ውስጥ ብዙ አየር አለ፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚርገበገበው። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ለአየሩ የሚቀረው ቦታ ያንሳል። ቦታው ሲያንስ መርገብገቡ ይፈጥናል፣ ድምፁ ይቀጥናል። የዋሽንትም ነገር ከዚህ አይርቅም። ተጫዋቹ ጣቱን ከቀዳዳው ላይ ሲያነሳ በውስጡ የሚርገበገበው የአየር ርዝመት ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። እረኛው ዋሽንት ላይ የሚሠራውን እኛ ሌሊት ጀሪካን ላይ እንሰማዋለን ማለት ነው። ይሄን ሳስብ ደስ አለኝ፣ በእውነት።

ቅዳሜ ጠዋት ለልጅቷ ይሄን ነገርኳት። እሷ ደግሞ ደብተሯን ይዛ መጣች። "እሺ ይሄስ?" አለች። ገጹ ላይ ያለው መንሳፈፍ ነው፤ ወደ ላይ የሚገፋው ጉልበት እኩል ይሆናል፣ ሮ ጂ ቪ የሚሉት በእንግሊዝኛና በግሪክ ፊደል የተጻፈ ቀመር። ወዲያው ወደ ድሮ ክፍሌ ተመለስኩ። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ጻፈው፣ ገለበጥን፣ ሸመደድነው፣ ተፈተንበት። ፊዚክስ ሁለተኛ ደረጃ ላይ በእንግሊዝኛ ነው። አፕትረስት፣ ያው ወደ ላይ የሚገፋው ጉልበት፣ የሚለውን ቃል ስሸመድድ ሐይቅ ዳር ያደግሁ ልጅ መሆኔን ማንም አላስታወሰኝም። እኔም አላስታወስኩም። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። አስተማሪውን ልወቅስ አይደለም። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ነበርን! ግን በርሚል እኮ በየቤቱ ነበር።

ስለዚህ ደብተሩን ዘግተን ወደ በርሚሉ ሄድን። አፉ የተቆረጠ ትልቅ በርሚል ነው፣ ሌሊት ጢም አድርገን ሞልተነዋል። ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ሰጠኋትና "ግፊው" አልኳት። በአንድ እጇ ሞከረች፣ አልሆነም። በሁለት እጇ ያዘችው፣ ከዚያ ክብደቷን በሙሉ ጣለችበት። ውሃው በበርሚሉ ዙሪያ እየተንዠቀዠቀ ሲፈስ እግራችን ራሰ። ጀሪካኑ ገባላት። ክንዷ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"የፈሰሰውን ውሃ አየሽው?" አልኳት። "እሱ 20 ሊትር ገደማ ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። ጀሪካኑን ወደ ላይ የሚገፋብሽ በዚያው ልክ ነው። የጀሪካኑ የራሱ ክብደት አንድ ኪሎ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ 19 ኪሎ ያህል እየታገልሽ ነው።"

በቃ ይሄ ነው። አርኪሜድስ የሚባለው የሰራኩስ ከተማ የግሪክ ሊቅ ከ2,200 ዓመት በፊት የጻፈው ይሄንኑ ነው። ውሃ ውስጥ የገባ ነገር፣ ቦታ የለቀቀለት ውሃ በሚመዝነው ልክ ወደ ላይ ይገፋል።

እሷ ግን ጥሩ ጥያቄ አመጣች። "በጣም ጠልቆ ቢሄድስ፣ ግፊቱ ይጨምራል?" እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ለብዙ ዓመት የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። ውሃ ወደ ታች በሄድን ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ከላዩ የተሸከመው ውሃ ይበዛላ። ግን ጀሪካኑን ከላይም ከታችም ነው የሚገፋው። የጀሪካኑ ሥር ከአናቱ ይልቅ ጥልቅ ላይ ስላለ ከታች የሚገፋው ይበልጣል። የሚያነሳው ያ ልዩነት ነው። ጀሪካኑ አንዴ ሙሉ በሙሉ ከሰጠመ በኋላ አንድ ሜትርም ውረድ፣ አምስት ሜትርም ውረድ፣ በሥሩና በአናቱ መካከል ያለው ልዩነት ያው ነው። ስለዚህ ወደ ላይ የሚገፋው አይጨምርም።

ከዚያ ክዳኑን ከፍተን ጀሪካኑን እዛው በርሚሉ ውስጥ ሞላነው። ውሃው ውስጥ እያለ በሁለት ጣት ይነሳል። ልክ ከውሃው ሲወጣ 20ው ኪሎ ክንድ ላይ ዱብ ይላል። ከበርሚል ውሃ የቀዳ ሁሉ ያውቀዋል። ክብደቱ እኮ የትም አልሄደም ነበር፤ ውሃው ነው ተሸክሞልን የነበረው።

ባሕር ዳር ልጅ ሆኜ የደንገል ታንኳ ስንቱን ጭኖ ሲመጣ አይቻለሁ፤ እንጨት፣ እህል፣ ሰው። ደንገል ስትሰብሩት ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ አየር የሞላው። ስለዚህ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ክብደቱ ግን ትንሽ ነው። ዴንሲቲ የሚሉት ይሄው ነው፣ በያዘው ቦታ ልክ ምን ያህል ይመዝናል ነው ነገሩ። ታንኳው ግን ውሎ ሲያድር ውሃ ይጠጣል። አየሩ በነበረበት ውሃ ይገባና እየከበደ፣ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ለዚህ ነው ባለ ታንኳዎቹ ከሐይቁ አውጥተው አቁመው ፀሐይ የሚያሰጡት። ጣና ላይ ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ይሄን ቀመር ሳይጽፉ ስንት ትውልድ ሠሩበት። እኔ ቀመሩን ጽፌ ታንኳውን ረሳሁት።

ሐይቁ ላይ ሌላም ነገር ነበር። አንዳችን ጠልቀን ሌላው ውሃ ውስጥ ሁለት ድንጋይ ያጋጫል። ኳ! ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ይመስላል። "በየት በኩል ነው?" ብለን እንወራረድ ነበር። አሁን ነው የገባኝ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በውሃ ውስጥ 1,480 ገደማ፣ ከአራት እጥፍ በላይ። አቅጣጫ የምንለይበት አንዱ መንገድ ድምፁ አንዱን ጆሮ ቀድሞ ሌላውን ሲነካ ያለችው ቅንጣት ጊዜ ናት። ውሃ ውስጥ ያቺ ጊዜ በአራት እጥፍ ታንሳለች፣ ስለዚህ ይምታታብናል።

አንድ ልጨምር። ቀን የማይሰማ የሩቅ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሌሊት ጥርት ብሎ ቤታችን ይገባ ነበር። አያቴን ስጠይቃት "ሌሊት ዓለም ዝም ይላል ልጄ" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፣ ጫጫታው ይቀንሳል። ግን ሌላም ምክንያት አለ። ድምፅ በሞቀ አየር ይፈጥናል፣ በቀዘቀዘ ያዘግማል። በዜሮ ዲግሪ 331 ሜትር ነው፣ በየዲግሪው 0.6 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ከመሬቱ አጠገብ ያለው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ከላይ ያለው ግን ሞቅ እንዳለ ይቆያል።

አሁን ጥማድ በሬ አስቡ። አንዱ በሬ ሲፈጥን፣ ሌላው ሲያዘግም ቀንበሩ ወዴት ይዞራል? ወደሚያዘግመው። ድምፁም እንዲሁ ነው። ከላይ ይፈጥናል፣ ከታች ያዘግማል፣ ስለዚህ ወደ ታች፣ ወደ እኛ ይታጠፋል። ፀሐይ መሬቱን ስታግል ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ሰማይ ታጥፎ ያመልጠናል። አያቴ ብትኖር ይሄን የበሬውን ነገር ብነግራት እንዴት ደስ ባላት! አርሶ አደር ቤት ነው ያደገችው።

እናላችሁ፣ ትናንት ሌሊት ውሃው ደግሞ መጣ። ልነሳ ስል "አክስቴ ተኚ፣ እኔ አለሁ" አለችኝ። ተኛሁ፣ ግን እየሰማሁ ነበር። ጀሪካኑ ወፍራም ድምፅ ይዞ ጀመረ። እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ በጣም ቀጭን ሆነ። ልክ በጊዜው ቀጥ አለ። አንድም የሚንጠባጠብ ነገር አልሰማሁም። ከዚያ ሌላ ባዶ ጀሪካን ወለሉ ላይ ጓ አለና ያ ወፍራም ድምፅ እንደገና ጀመረ።