የትሩኑ ልጅ አሎይስ ካሪጄት

ወላጆች፣ ልጆች፣ ወዳጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ስለ አንድ ሠዓሊ እንዳጫውታችሁ ተጋብዣለሁ። አሎይስ ካሪጄት ይባላል። ስሙን ባታውቁት አይገርመኝም። ሥዕሉን ግን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ልጆቻችሁ እዚህ ስዊዘርላንድ መዋዕለ ሕፃናት ከገቡ፣ ሹል ቆብ ያደረገ፣ ትልቅ ቃጭል የያዘ ልጅ ያለበት መጽሐፍ አንድ ቀን ቤታችሁ ገብቶ ይሆናል። ያ ልጅ ኡርስሊ ነው።

እኔ ቤት የገባው ትልቋ ልጄ አምስት ዓመቷ ሳለ ነው። ያኔ ጀርመንኛ ገና አልለመድኩም ነበር። ልጄ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጣ "አንብቢልኝ" አለችኝ። ሥዕሉን እያየሁ በአማርኛ ተረኩላት፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው። ከዓመታት በኋላ ጽሑፉን ማንበብ ስችል ታሪኩን ብዙም እንዳልሳትኩት አወቅሁ። ልጁ ለምን እንደከፋው፣ ወዴት እንደሄደ፣ እናቱ ለምን እንዳለቀሰች፣ ሥዕሉ ሁሉንም ነግሮኝ ነበር። ይህን የሠራው ሰው ማን ይሆን ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ካሪጄት የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 30 ቀን 1902 ነው። አገሩ ትሩን ትባላለች። በስዊዘርላንድ ግራውቡንደን ካንቶን (ክፍለ ሀገር)፣ ሱርሰልቫ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ያለች መንደር ናት። ወላጆቹ ገበሬዎች ነበሩ። ከአሥራ አንድ ልጆች ሰባተኛው እሱ ነው። አፉን የፈታው በሮማንሽ ነው። ሮማንሽ ከላቲን የወረደ ቋንቋ ሲሆን፣ ዛሬ ዋና ቋንቋዬ የሚለው ሰው ከስዊዘርላንድ ሕዝብ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ያም ሆኖ በ1938 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ መራጭ ከ90 በላይ የሚሆነው "የአገሪቱ አራተኛ ቋንቋ ይሁን" ብሎ ድምፁን ሰጥቶለታል። ይህን ሳነብ ልቤ ተነክቷል። ቋንቋውን የማይናገሩ ሰዎች ናቸው በብዛት ወጥተው የመረጡለት።

በ1911 ቤተሰቡ ኑሮ ከበደውና ወደ ካንቶኑ ዋና ከተማ ወደ ኩር ወረደ። አሎይስ ዘጠኝ ዓመት ገደማው ነበር። ካደገ በኋላም ያንን ቀን አልረሳውም። ከተራራ ልጅ ገነት ወጥቶ፣ ቆላ ላይ ባለ ጨለምለም ያለ የምድር ቤት ውስጥ እንደገባ አድርጎ ተርኮታል። ትምህርት ቤት በጀርመንኛ፣ ቤት በሮማንሽ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉ ልጆች ይህ ኑሮ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም። በ1918 ትምህርቱን ትቶ ኩር ውስጥ ከአንድ ቀለም ቀቢና አስጌጭ ባለሙያ ዘንድ ተለማማጅ ሆነ። ግድግዳ ቀባ፣ ጌጥ ነደፈ፣ ቀለም በጠበጠ። በትርፍ ሰዓቱ ደብተሩን በእርሻ ቤቶችና በእንስሳት ሥዕል ይሞላ ነበር። በ1923 ዙሪክ ሄዶ ማክስ ዳላንግ በሚባል የማስታወቂያ ድርጅት ተቀጠረ። በ1927 የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ሥራው ደራ። ሰዎች ቀጠረ።

የዙሪኩን ዘመን አንዳንዶች እንደ መንገድ ላይ ማረፊያ አድርገው ያልፉታል። እኔ ግን አላልፈውም። ፖስተር ማለት ትራም ላይ ያለ ሰው በሦስት ሰከንድ የሚረዳው ሥዕል ነው። አላስፈላጊ መስመር ካለበት ሰውየው ሳይገባው ትራሙ ያልፋል። ካሪጄት ለአሥራ ምናምን ዓመት ያንን ሲሠራ ኖረ። በ1939 ዙሪክ ላይ የተደረገውን ታላቁን የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ኤግዚቢሽን ፖስተር የሠራውም እሱ ነው። እኔ ጀርመንኛ ሳላውቅ መጽሐፉን ያነበብኩት በዚያ ሙያ ምክንያት ይመስለኛል። እጁ አንድን ነገር በግልጽ መናገር ተምሯል።

በዚያው ዘመን ካባሬ ኮርኒሾን የሚባለውን የዙሪክ መድረክ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነበር። ሂትለር ጀርመንን በያዘበት ወቅት፣ ከድንበሩ ወዲህ ሆነው ናዚዎችን በዘፈንና በጭውውት የሚተቹ ጎበዞች ነበሩ። ካሪጄት መድረኩን ያስጌጥ፣ አልባሳቱን ይነድፍ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ዛርሊ ደግሞ እዚያው መድረክ ላይ ወጥቶ አገር ያወቀው ተዋናይ ሆነ።

ከዚያ በ1939 ሁሉንም ተወው። ስቱዲዮውን ዘጋ። ወደ ሱርሰልቫ ተመልሶ ኦበርዛክሰን አጠገብ ፕላቴንጋ የምትባል ትንሽ መንደር ገባ። የተከራየው ቤት መብራትም የቧንቧ ውሃም አልነበረውም። ዕድሜው 37 ነበር፤ ስሙ የተጠራ፣ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው። ማስታወቂያውን ትቶ መሳል ብቻ ፈለገ። ተራራውን፣ ፍየሉን፣ ወፉን፣ በረዶ ላይ የሚሄደውን ገበሬ። በ1943 አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። በኋላም እዚያው የራሱን ቤት ሠራ።

አሁን ወደ ኡርስሊ ልመለስ።

በ1940 ዜሊና ኾንዝ የምትባል ደራሲ ግጥም ይዛ መጣች። የኤንጋዲን ሸለቆ ሰው ናት። "ሥዕሉን አንተ ሥራልኝ" አለችው። መጽሐፉ የወጣው በ1945 ነው። ቶሎ እሺ አላለም፤ እሺ ካለ በኋላም አልቸኮለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ካሪጄት የሱርሰልቫ ልጅ ነው። ታሪኩ ደግሞ የታችኛው ኤንጋዲን ነው። ሁለቱም ሮማንሽ ተናጋሪ ናቸው፤ ግን በመካከላቸው ተራራ አለ፣ አነጋገራቸውም ይለያያል። ሮማንሽ በጽሑፍ እንኳ አምስት ዓይነት ነው። የቤቱም አሠራር ሌላ ነው። የራሱን መንደር ቤት ስሎ "ያው ተራራ አይደል" ማለት ይችል ነበር። አላደረገውም። ደብተሩን ይዞ ጓርዳ ወደምትባለው የኤንጋዲን መንደር ሄደ። ቤት ለቤት እየዞረ ሳለ።

ጓርዳን ሄጄ አይቻታለሁ። የቤቶቹ ግድግዳ ወፍራም ነው። መስኮቶቹ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ጠበብ ይላሉ። ግድግዳው በሁለት ቀለም ይለሰንና ሳይደርቅ የላዩ ተፍቆ ሥርና አበባ፣ ጌጥና ጽሑፍ ይወጣበታል። ቆሜ ሳይ መጽሐፉ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ምክንያቱም ካሪጄት ምንም አልፈጠረም። መስኮቱም፣ በሩም፣ የውሃ ገንዳውም እዚያው አሉ። ሰው ዛሬም ከሩቅ አገር መጥቶ የኡርስሊን ቤት ይጠይቃል።

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በኤንጋዲን ማርች 1 ቀን ቻላንዳማርዝ የሚባል በዓል አለ። ልጆች የከብት ቃጭል እያንቃጨሉ መንደሩን ይዞራሉ። ክረምቱን ያባርሩታል። ትልቅ ቃጭል ያለው ከፊት ይሄዳል፤ ትንሽ ያለው ከኋላ ይከተላል። ቤት ለቤት የሚሰጠው ለውዝና ኬክ የሚገባውም ቃጭሉ ውስጥ ነው። ለኡርስሊ የደረሰችው በጣም ትንሿ ናት። ሌሎቹ ሳቁበት። ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ከብቶቹ በሚሰማሩበት የተራራ ጎጆ ውስጥ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቃጭል አለ። ለማንም ሳይናገር በበረዶው ውስጥ ብቻውን ወጣ። ቀጭን ድልድይ ተሻገረ። ቃጭሉን አገኘው። ደክሞት እዚያው ተኛ። እናትና አባቱ ሌሊቱን ሙሉ በጭንቀት አሳለፉ። በማግስቱ ቃጭሉን ይዞ ገባ። ከሁሉ ፊት ሄደ።

ይኸው ነው። ጭራቅ የለበትም፣ ንጉሥ የለበትም። ግን ያንን የድልድይ ሥዕል እዩት። ልጁ በጣም ትንሽ ነው። ዙሪያው ሁሉ ነጭ ነው። ልጄ እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ እጄን ትይዘኝ ነበር። የወረቀቱን ነጭ ሳይነካ ትቶ በረዶ ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩት። እኔ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል እሠራለሁ፤ እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ለመተው አሁንም ድፍረቱ ያንሰኛል።

ከኾንዝ ጋር ሁለት መጻሕፍት ጨመሩ። በ1952 የኡርስሊ እህት ፍሉሪና የዱር ወፍ ጫጩት ስታሳድግ። በ1955 ደግሞ ትልቁ በረዶ፤ ናዳ ወርዶ ኡርስሊ እህቱን ሲፈልግ። ከዚያ አሥር ዓመት ዝም። በመካከሉ ለልጆቹ ትምህርት ሲል ዙሪክ ኖሮ፣ በ1960 ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ትሩን ጠቅልሎ ገባ።

በ1965፣ በ63 ዓመቱ፣ ጽሑፉንም ሥዕሉንም ራሱ የሠራውን የመጀመሪያ መጽሐፍ አወጣ። ማውሩስ የሚባል ልጅና ሦስት ፍየሎቹ ናቸው። በዓመቱ፣ በ1966፣ የሐንስ ክርስቲያን አንደርሰንን ሽልማት አገኘ። ይህ በልጆች መጽሐፍ ዓለም ትልቁ ሽልማት ነው። ለሥዕል ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። የዚያን ዓመት የደራሲነቱን የወሰደችው የፊንላንዷ ቶቨ ያንሰን ናት። በ1967 ስለ ሁለት ዛፎችና ስለ አንድ ቁጥቋጦ አንድ መጽሐፍ ጨመረ።

የመጨረሻው የልጆች መጽሐፉ የወጣው በ1969 ነው። ማውሩስ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ከተማ ሲሄድ ያሳያል። እኔ ይህን መጽሐፍ ስከፍት ሁልጊዜ የ1911ዱን ልጅ አስባለሁ። ወደ 60 ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? ያንን መንገድ እንደገና ሄደበት፤ በዚህኛው ግን ልጁ ተገርሞ እያየ ነው የሚሄደው።

በጠቅላላው ለልጆች የሠራው ስድስት መጽሐፍ ብቻ ነው። ስድስት! የቀረው ዕድሜው በሸራና በግድግዳ ሥዕል አለፈ። ትሩን የሚገኘው ኩዎርት ሊጂያ ግሪሻ የሚባለው ሙዚየም ሥዕሎቹን ይዟል። የቀድሞ የገዳም አለቆች መኖሪያ ነበር። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከኩር በባቡር የራይንን ወንዝ እየተከተላችሁ ነው የምትደርሱት። መንገዱ ራሱ ያስደስታል።

ካሪጄት ያረፈው ኦገስት 1 ቀን 1985 እዚያው ትሩን ነው። ቀኑ የስዊዘርላንድ ብሔራዊ በዓል ነበር።

መጽሐፉን ይዤ መጥቻለሁ። የልጄ ነው፤ ጠርዙ ተቀዳዷል፣ አንዱ ገጽ ላይ ሻይ ፈሶበታል። ልጆች፣ ወደፊት ኑና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኜዋለሁ። እኔ ገጹን እገልጣለሁ፣ እናንተ በአማርኛ ትነግሩኛላችሁ። እሺ፣ መጀመሪያ ኡርስሊ የታለ? ማን ያሳየኛል?