ስድስት ወይስ ሰባት

ጤና ይስጥልኝ። ያቺ የምቀመጥባት ወንበር ዛሬም ስትንቋቋ ከሰማችሁ ታገሡኝ፤ አላስቀምጥ ያለኝ ነገር አለ።

የእኅቴ ልጅ ስለ ሲክል ሴል፣ በዘር ስለሚተላለፈው የደም በሽታ፣ የተሰጣትን የቤት ሥራ ይዛ መጥታ ነበር። በሽታው የሚመጣው በአንድ ፕሮቲን ውስጥ አንድ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ከፕሮቲኑ መገንቢያ ጡቦች አንዱ፣ ሲለወጥ ነው። «አጎቴ፣ የተለወጠው ሰባተኛው አሚኖ አሲድ ነው» አለችኝ። እኔ ቀና እንኳን ሳልል «ስድስተኛው ነው፤ በደንብ ቁጠሪ» አልኳት። ደግማ ቆጠረች። በእርሳሷ ጫፍ ስክሪኑን እየነካካች፣ ከንፈሯ ቀስ እያለ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሰባትን በላጲስ አጥፍታ ስድስት ጻፈች። ምንም አላለችም።

ማታ እርሷ ያየችውን የዩኒፕሮት፣ የፕሮቲኖች የመረጃ ቋት፣ ገጽ ከፈትኩት። ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን፣ የሄሞግሎቢን፣ ቤታ ሰንሰለት፤ 147 አሚኖ አሲድ። መጀመሪያ ላይ ሜታዮኒን የምትባል አሚኖ አሲድ አለች፤ ፕሮቲኑ ሲሠራ ተቆርጣ የምትወጣ። እርሷ ከተቆጠረች ሰባት፣ ካልተቆጠረች ስድስት። ተመራማሪው ቬርነን ኢንግራም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 በሲክል ሴል ግሉታሚክ አሲድ የተባለው አሚኖ አሲድ ቫሊን በተባለው መተካቱን ሲያሳይ በእጁ የነበረው ፕሮቲኑ እንጂ ጂኑ አልነበረም። እኔ የተማርኩት ስድስትም የመጣው ከዚያ ካለቀለት ፕሮቲን ነው። ልጅቷ ግን ፊቷ ያለውን ነው የቆጠረችው።

እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ወደ ኤንሴምብል፣ ወደ ጂኖች የመረጃ ቋት፣ ተሻገርኩ። ክሮሞሶም 11 ላይ የዲኤንኤዋ ፊደል ኤ ወደ ቲ ስትለወጥ አገኛለሁ ስል፣ ቲ ወደ ኤ ይላል! ደነገጥኩ። ለካ ጂኑ የሚነበበው በአንደኛው የዲኤንኤ ክር ነው፤ ገጹ ፊደሉን የሚጽፈው ደግሞ በሌላኛው፤ በአንዱ ክር ኤ ባለበት በሌላው ፊት ለፊት ቲ ነው። ቦታው በአዲሱ የጂኖም ቅጂ 5,227,002፣ በቀድሞው 5,248,232። አንዲት ፊደል፣ ሁለት አድራሻ፣ ሁለቱም ትክክል። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ በዚህ በኩል የዲኤንኤው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ጂኤጂ ጂቲጂ ሲሆን በዚያ በኩል ግሉታሚክ አሲዱ ቫሊን ሲሆን ሳይ፣ እንዴት ያለ ደስታ ነው! ሰው ሁሉ ቢያየው እላለሁ። የቀይ የደም ሴል ቅርጽ የሚጣመመው፣ ሕፃን ልጅ በሕመም የሚያለቅሰው ከዚህች ፊደል ተነሥቶ...

ላጲሱ ትዝ አለኝ።

የቤት ሥራውን አስረክባለች። መምህሯ ስድስትን ትክክል ብለው ይሆናል፤ ስሕተትም አይደለም። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩት። ስለ ሜታዮኒን ላስረዳት እችላለሁ፤ እርሱ ቀላል ነው። ግን እኔ ያልኳት «በደንብ ቁጠሪ» ነው። በደንብ እኮ ነበር የቆጠረችው። ሁለቴ። እኔ ደግሞ ስክሪኑን እንኳን...