በኮት ኪስ የተገኘችው ደብተር

የተከበራችሁ የግጥም ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ደብተር ነው የማወራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1946 ሃንጋሪ ውስጥ፣ አብዳ ከምትባል መንደር አጠገብ አንድ የጅምላ መቃብር ተከፈተ። 22 አስከሬን ወጣ። በአንደኛው ኮት ኪስ ውስጥ ይህች ደብተር ነበረች። ባለቤቷ ሃንጋሪያዊው ባለቅኔ ሚክሎሽ ራድኖቲ ነው።

ራድኖቲ በ1909 ቡዳፔስት ሲወለድ እናቱና መንታ ወንድሙ ሞቱ። ሴገድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሃንጋሪኛና ፈረንሳይኛ ተማረ። መምህር መሆን ይፈልግ ነበር። አይሁዳዊ ስለሆነ ግን የሚቀጥረው አጣ። ግጥሙን እየጻፈ የፈረንሳይ ባለቅኔዎቹን አፖሊኔርንና ላ ፎንቴንን ይተረጉም ጀመር።

በ1938 የጥንቱን የሮማ ባለቅኔ የቨርጂልን ዘጠነኛ የእረኞች ግጥም ከላቲን መለሰ። መሬታቸውን ወታደር የነጠቃቸው እረኞች መንገድ ላይ ተገናኝተው የሚያወሩበት ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ግጥም የራሱን ዘመን ሲናገር አገኘው። ከዚያ በኋላ እሱም በዚሁ መልክ የራሱን መጻፍ ያዘ። ተርጓሚ ከሰው ቤት ባዶ እጁን አይመለስም የምለው ለዚህ ነው።

በ1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ለግዳጅ ሥራ ሰርቢያ፣ ቦር ወደሚባለው የመዳብ ማዕድን ተላከ። ሰባተኛውን የእረኛ ግጥሙን የጻፈው እዚያ ካምፕ ውስጥ፣ ለሚስቱ ለፋኒ ነው። በጨለማ፣ መስመር በመስመር እየዳበስኩ፣ የአናባቢ ምልክቱን ሳላደርግ እጽፋለሁ ይላታል። በሃንጋሪኛ ያ ምልክት ከቀረ ቃሉ ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል። እኛ «ገና» ብለን ጽፈን ማጥበቁን ለአንባቢ እንደምንተወው ማለት ነው። እሱም ለፋኒ ተወላት።

ጠባቂዎቹ እስረኞቹን ከቦር በእግር እየነዱ ወደ ሃንጋሪ መለሷቸው። በመንገድ የወደቀ ይገደላል። እሱ ግን እየሄደም ጻፈ። ኖቬምበር ላይ አብዳ አጠገብ ተረሸነ። 35 ዓመቱ ነበር።

ደብተሯ ውስጥ አሥር ግጥሞች አሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ግን የመጀመሪያው ገጽ ነው። ይህ የአንድ ሃንጋሪያዊ ባለቅኔ ግጥም ነው፣ ያገኘው ሰው ቡዳፔስት ላለው ወዳጄ ይላክልኝ የሚል ልመና ሰፍሮበታል። በሃንጋሪኛ፣ በሰርብኛ፣ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ። ማን እንደሚያገኛት አያውቅማ! የመጨረሻው የትርጉም ሥራው ይህች ልመና ትመስለኛለች።

ግጥሞቹ ቡዳፔስት ደረሱ። ፋኒ 101 ዓመት ኖራ በ2014 አረፈች። ለእሷ የጻፈውን ሰባተኛውን ግጥም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሬያለሁ። አሁን አነብላችኋለሁ።