መስታወት ያለው ወይስ የሌለው? ለሠርግ የሚሆን ፉል ፍሬም ካሜራ ስንመርጥ

[ሁለት ካሜራዎች ጠረጴዛ ላይ። የአንዱ ሌንስ ይፈታል፤ ውስጡ ያለው መስታወት ይታያል።]

እንዴት ናችሁ? «ዲኤስኤልአር ልግዛ ወይስ ሚረርለስ?» የሚለውን ጥያቄ አብዝተው የሚጠይቁት ሠርግ የሚያነሱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱን ካሜራዎች ሠርግ ቤት ይዘናቸው እንገባለን።

ይቺ ዘንበል ያለች መስታወት ናት ነገሩን ሁሉ ያመጣችው። በዲኤስኤልአር በሌንሱ የገባው ብርሃን እሷ ላይ ያርፍና ወደ ላይ ወጥቶ በፕሪዝሙ በኩል ዓይናችሁ ጋ ይደርሳል። ስትጫኑት መስታወቷ ትነሳለች፣ ሻተሩ፣ ማለትም ከሴንሰሩ ፊት ያለው መጋረጃ፣ ይከፈታል፣ ሴንሰሩ ምስሉን ይቀበላል። ሚረርለስ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ብርሃኑ ቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ዓይናችሁን በምታስጠጉበት ቀዳዳ፣ በቪውፋይንደሩ፣ ውስጥ የምታዩት ትንሽ ስክሪን ነው።

ሴንሰሩ ግን ያው ነው፤ ፉል ፍሬም የሚባለው የሴንሰሩ መጠን ነው፣ በሁለቱም 36 በ24 ሚሊ ሜትር። «ሚረርለስ ስለሆነ ፎቶው ይጠራል» የሚላችሁ ሻጭ ካለ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

[ነጭ የለበሱ ሰዎች የቆሙበት ፎቶ፤ ልብሱ ግራጫ፣ ፊታቸው የጠቆረ።]

ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? እዚህ ፎቶ ላይ። ሙሽራዋ ቬሎ ለብሳለች። ከጎኗ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ካሜራው ይህን ሁሉ ነጭ ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ይልና ይቀንሳል። ልብሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ይጠቁራል። በዲኤስኤልአር ቪውፋይንደር ይህ አይታይም። ታነሳላችሁ፣ ከኋላ ስክሪኑን ታያላችሁ፣ ታስተካክላላችሁ፣ እንደገና ታነሳላችሁ። ልምድ ያለው ሰው ገና ከመጀመሪያው አንድ ስቶፕ ይጨምራል፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል፤ ጀማሪ ግን እዚህ ላይ ይበላል። በሚረርለስ ፊታቸው መጥቆሩን ከመጫናችሁ በፊት ታዩታላችሁ። ፊቱ እስኪፈካ ዳያሉን ማዞር ብቻ ነው። ለእኔ የሚረርለስ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስቱዲዮ ውስጥ በፍላሽ ስትሠሩ ስክሪኑ ጥቁር ሊሆንባችሁ ይችላል። ካሜራው አልተበላሸም። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የፎቶውን ብርሃን መጠን፣ አስቀድሞ የሚያሳየውን ሴቲንግ አጥፉት።

ሁለተኛው ፎከስ ነው። በፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር የፎከስ ነጥቦቹ መሀል አካባቢ ይሰበሰባሉ። በዚያ ላይ ፎከሱን የሚለካው ክፍል ከሴንሰሩ የተለየ ስለሆነ፣ አንዳንዴ ሌንሱና ካሜራው ሳይግባቡ ዓይን ቀርቶ ጆሮ ይጠራል። ሚረርለስ በሴንሰሩ ራሱ ነው የሚለካው። አዳዲሶቹ ደግሞ ዓይን ፈልገው ይይዛሉ፣ ሰውየው ሲንቀሳቀስም ይከተሉታል። እስክስታ የሚመታ ሚዜ አንስታችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። የተክሊል ሥርዓት ላይ ካህኑ ጸሎት እያደረሱ አጠገባቸው ሆኖ «ቀጭ ቀጭ» ማድረግ ደስ አይልም። ሚረርለስ ያለ ምንም ድምፅ ያነሳል። ማታ አዳራሽ ስትገቡ ግን ይህን ነገር አጥፉትና ወደ መካኒካል ሻተሩ ተመለሱ። የኤልኢዲ መብራት ባለበት ብዙዎቹ ካሜራዎች በዝምታ ሲያነሱ ፎቶው ላይ መስመር ያወጣሉ።

[ባትሪዎች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው።]

አሁን ዲኤስኤልአር የሚያሸንፍበት መጣ። ባትሪ! ኒኮን ዲ850 በኩባንያው መለኪያ በአንድ ቻርጅ 1,840 ፎቶ ያነሳል። ሶኒ ኤ7 ሦስት በቪውፋይንደር 610። ትንሿ ካኖን ኢኦኤስ አርፒ 250 ብቻ። በሥራ ላይ ከዚህ በላይ ሊያስኬዱ ይችላሉ፣ ቢሆንም ከሙሽራዋ ቤት ጠዋት ተነስቶ ማታ ለሚያልቅ ቀን በአንድ ባትሪ መውጣት አይታሰብም።

ገበያውስ? ሶኒ በ2013 የመጀመሪያዋን ኤ7 አወጣ። ካኖንና ኒኮን በ2018 ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ትኩረት ሚረርለስ ነው። ለዲኤስኤልአር ሙጭጭ ብሎ የቀረው ፔንታክስ ነው። ስለዚህ አዲስ ዲኤስኤልአር በውድ መግዛት አይታየኝም። ያገለገለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ገንዘባችሁ አጭር ከሆነና ሥራችሁ ፎቶ ብቻ ከሆነ፣ በደንብ የተያዘ ካኖን 5ዲ ማርክ ሦስት ወይም ኒኮን ዲ750 ግዙ፤ የተረፈውን ጥሩ ሌንስ ላይ አውሉት። ቪዲዮም የምትሠሩ ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ሁለቱም ፎርኬ (4K) የሚባለው ጥራት ያለው ቪዲዮ የላቸውም፣ ቪዲዮ ላይ ፎከሳቸውም ደካማ ነው። ትንሽ ታግሳችሁ ያገለገለ ኤ7 ሦስት ፈልጉ።

ኢኤፍ የሚባሉት የካኖን ዲኤስኤልአር ሌንሶች ያላችሁ ደግሞ አትሽጧቸው። በድሮው ካኖን ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ነው፣ በአዲሱ ሚረርለስ 20። በመሀል የተረፈው ቦታ ላይ አዳፕተር፣ ማለትም ማገናኛ፣ ይገባል፤ ሌንሱም ፎከሱን ሳያጓድል ይሠራል። የኒኮን ሰዎች ግን ተጠንቀቁ፦ ሞተር የሌላቸው የድሮ ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች በኒኮን አዳፕተር በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የሚያደርጉት።

[አፐርቸሩ 16 ላይ፤ ካሜራው ወደ ነጭ ግድግዳ ይዞራል።]

ያገለገለ ስትገዙ የሻተሩን ብዛት፣ ማለትም እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳ፣ ጠይቁ። 5ዲ ማርክ ሦስትም ዲ750ም ለ150,000 የተሞከሩ ናቸው። ቀጥሎ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱና ፎቶውን አቅርባችሁ እዩት። ጥቁር ነጥብ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ጭረት ግን አይጸዳም። ሚረርለስ ከሆነ ሌንሱን አስፈትታችሁ ሴንሰሩን በዓይናችሁ እዩ፤ ከፊቱ የሚከልለው መስታወት የለም። ሻጩ «አቧራ ይገባል፣ አልፈታም» ካለ፣ ካሜራውን ለእሱ ተዉለት።