ቦቴው ለምን አስፈለገ? «ብላክ አውት 2022» እና የጠፋው መዝገብ

ሰላም ሰላም፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ አጭር አኒሜሽን ነው። አጭር ስል በጣም አጭር፣ 15 ደቂቃ ገደማ። ፓስታ ተቀቅሎ እስኪወርድ ያልቃል። ግን ይህች 15 ደቂቃ ባትኖር በሁለት ትልልቅ ፊልሞች መካከል ያለው የ30 ዓመት ታሪክ ባዶ ነበር።

ስሙ «ብሌድ ራነር ብላክ አውት 2022» ነው። የወጣው በፈረንጆቹ 2017፣ በመስከረም መጨረሻ፣ «ብሌድ ራነር 2049» ሲኒማ ቤት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዳይሬክተሩ ጃፓናዊው ሺኒቺሮ ዋታናቤ፣ ሙዚቃው የፍላይንግ ሎተስ። አብረውት ሁለት ሌሎች አጫጭር ፊልሞች ወጥተዋል፤ እነሱ ግን በተዋናይ የተቀረጹ ናቸው። በእኔ እምነት ከሦስቱ ትልቁን ሸክም የተሸከመው አኒሜሽኑ ነው። ለምን? ይኸው ልንገራችሁ።

እኔ ይህን ፊልም የማስረዳው በጋቢ ነው። አዎ፣ በጋቢ። ቤታችሁ ጋቢ ካለ አሁኑኑ አንሱና መሃሉን ዳብሱት። ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ስፌት አለ አይደል? ሸማኔ ጋቢን በሙሉ ስፋቱ አይሸምነውም። መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚመላለሰው፤ ስለዚህ የጨርቁ ስፋት እጁ ከሚደርስበት አያልፍም። ለየብቻ ይሸመንና መሃል ላይ ተገጥሞ ይሰፋል።

አሁን አስቡት። ሁለቱን ወገን ሁለት የተለያዩ ሸማኔዎች ቢሠሯቸውስ? አንዱ ማጉን ጠበቅ አድርጎ የሚመታ፣ ሌላው ላላ የሚያደርግ። ስትገዙት ምንም አይታይም። ታጥቦ ሲደርቅ ነው ጉዱ! አንዱ ወገን ከሌላው በላይ ይሰበሰባል፣ ስፌቱ ይሸበሸባል፣ ጥለቱም ጫፍ ለጫፍ አልገጥም ይላል። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ይህን ቀድሞ ያያል። ረዘም ያለውን ወገን ትንሽ ትንሽ እየሰበሰበ፣ ሁለቱ ጫፎች እኩል እንዲደርሱ አድርጎ ይሰፋዋል። ጋቢውን የሚለብሰው ሰው ስፌቱን አያየውም፤ ግን ጋቢውን ጋቢ ያደረገው እሱ ነው።

እሺ። የመጀመሪያው ወገን የሪድሊ ስኮት ፊልም «ብሌድ ራነር» ነው፣ 1982። ታሪኩ የሚካሄደው በ2019 ሎስ አንጀለስ ነው፤ ጨለማ፣ ዝናብ፣ ኒዮን፣ ጠበቅ ያለ ሽመና። ሁለተኛው የዴኒስ ቪልኔቭ፣ 2017። ታሪኩ 2049 ላይ ነው፤ በረሃ አለው፣ ትልቅ የባሕር ግንብ አለው፣ ረጅም ዝምታ አለው፤ ላላ ያለ ሽመና። ሁለቱን የሠሯቸው እጆች በ35 ዓመት ይራራቃሉ።

አለመግጠማቸውንም ተመልከቱ። በመጀመሪያው ፊልም ሬፕሊካንቶቹ፣ ማለትም ሰው መስለው የተሠሩት ሰው ሠራሽ ፍጡራን፣ ኔክሰስ 6 የሚባለው ሞዴል ናቸው፣ ዕድሜያቸው 4 ዓመት ብቻ። ሁለተኛው ሲጀምር ግን ሳፐር ሞርተን የሚባል፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ዓመታት የቆጠረ ሬፕሊካንት በእርሻው ላይ እናገኛለን። በመጀመሪያው ሬፕሊካንቶቹን የሚሠራው ታይሬል ኮርፖሬሽን ከተማዋን ከላይ ቁልቁል ያያታል፤ በሁለተኛው ታይሬል የለም፣ ቦታውን የያዘው ዋላስ የሚባል ኩባንያ ነው። እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ መስፋት ያለበት ይህ የ15 ደቂቃ አኒሜሽን ነው።

ታሪኩን በአጭሩ። ታይሬል የዕድሜ ገደብ የሌለበትን ኔክሰስ 8 አወጣ። ሰዎች ይህን አልወደዱትም። የሬፕሊካንቶች ስምና አድራሻ ያለበትን መዝገብ እየከፈቱ፣ ቤት ለቤት እየሄዱ ይገድሏቸው ጀመር። ልብ በሉ፣ መዝገብ! መሣሪያው መዝገቡ ነው። ስለዚህ ኢጊ የሚባል የቀድሞ ወታደርና ትሪክሲ የምትባል ጓደኛው፣ ሁለቱም ሬፕሊካንቶች፣ መዝገቡን ለማጥፋት ተነሱ። ሬን የሚባል ሰው ረዳቸው፤ የኒውክሌር ሚሳኤል ሎስ አንጀለስ ሰማይ ላይ እንዲፈነዳ አደረገ። እነሱ ደግሞ የነዳጅ ቦቴ ጠልፈው የዳታ ማዕከሉን አወደሙት። መብራት ጠፋ። በራሪ መኪኖች እንደ ድንጋይ ወረዱ። የሬፕሊካንት ምርት ታገደ፣ ታይሬል ከሰረ፣ ዋላስ ለአዲስ ምርት ፈቃድ ያገኘው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

እዚህ ላይ ነው ኮሜንት የሚዘንበው። «ሚሳኤሉ ከፈነዳ ኢ.ኤም.ፒ.ው (የኤሌክትሮማግኔቲክ ምቱ) ሃርድ ዲስኩን ሁሉ ያጠፋዋል፤ ቦቴው ለአክሽን ብቻ የገባ ነው።» ወገኖቼ፣ አይደለም! ይህችን ነገር ሳናጠራት አናልፍም።

መጀመሪያ ኢ.ኤም.ፒ. እንዴት እንደሚፈጠር ቶሎ ልበላችሁ። ኒውክሌር ቦምብ በጣም ከፍታ ላይ ሲፈነዳ ጋማ ጨረሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከአየር አተሞች ኤሌክትሮን ያስፈነጥራል፤ የመሬት መግነጢስ ኤሌክትሮኖቹን ያጠማዝዛቸዋል፤ ሲጠማዘዙ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃሉ፣ በናኖ ሰከንዶች ውስጥ። ይህ የመጀመሪያው ምት ነው፣ ጫፉ ብዙ ጊዜ በሜትር 50,000 ቮልት ተብሎ ይወሰዳል። ሁለተኛው መብረቅ ይመስላል። ሦስተኛው ዘገምተኛ ነው፣ ረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮችን ይዞ ትራንስፎርመር ያቃጥላል። ከፍታው የሚሸፍነውን ስፋት ይወስናል፤ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ከፈነዳ በየአቅጣጫው ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ተሞክሯልም። ሐምሌ 1962 አሜሪካ 1.4 ሜጋ ቶን ቦምብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አፈነዳች፤ 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ሃዋይ ውስጥ ወደ 300 የመንገድ መብራቶች ጠፉ።

አሁን ወደ ሃርድ ዲስኩ። ያ 50,000 ቮልት በሜትር ምን ያህል የመግነጢስ ኃይል አለው? ለብርሃን ፍጥነት አካፍሉት፤ 1.7 ጋውስ ገደማ ይመጣል፤ ጋውስ የመግነጢስ ጉልበት መለኪያ ነው። የመሬት መግነጢስ ራሱ ግማሽ ጋውስ ገደማ ነው። ፍሪጃችሁ ላይ የለጠፋችሁት ማግኔት በአሥሮች የሚቆጠር ጋውስ ጉልበት አለው። ዲስክ ላይ የተጻፈውን ለመገልበጥ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ያስፈልጋል። ገባችሁ? ምቱ ዲስኩ ላይ የተጻፈውን አይነካውም።

የሚያቃጥለው ቦርዱን ነው፣ ዲስኩን የሚያሠራውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። ገመዶቹ እንደ አንቴና ሆነው ኃይሉን ይሰበስባሉ፣ ቺፖቹ ያልቃሉ፣ ሃርድ ዲስኩ አይነሳም። ግን ጽሑፉ ውስጥ አለ! ዳታ ሪከቨሪ የሚሠሩ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ተመሳሳይ ሞዴል ቦርድ ትፈልጋላችሁ፣ ከተቃጠለው ላይ ሮም ቺፑን ነቅላችሁ አዲሱ ላይ ትበይዳላችሁ፤ ምክንያቱም የዚያ ዲስክ የግል ልኬት እዚያ ቺፕ ውስጥ ነው፣ ያለ እሱ ዲስኩ አይነበብም። ሮሙ ራሱ ከተቃጠለ ሥራው ይከብዳል፣ ግን ጊዜና ገንዘብ ያለው መንግሥት አንድ ዳታ ማዕከል ለማዳን ይሞክራል። ደግሞም መጋዘን ውስጥ ሳይሰካ የተቀመጠ የመጠባበቂያ ቴፕ አለ፤ እሱን ምቱ አይነካውም።

ስለዚህ ቦቴው! የዲስኩ አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የነዳጅ እሳት ከዚያ በላይ ይሄዳል። ዲስኩ ቀለጠ ማለት ጽሑፉ የለም ማለት ነው። ሚሳኤሉ ከተማዋን ያቆማል፣ ቦቴው መዝገቡን ይገድላል። ትሪክሲም ሕይወቷን የከፈለችው ለዚህ ነው፣ ለአክሽን አይደለም። እውነቱን ለመናገር «2049» ራሱ ምቱ ሁሉንም ዲስክ እንዳጠፋ አድርጎ ያወራል፤ እዚህ ላይ አኒሜሽኑ ከትልቁ ፊልም ይልቅ ለፊዚክሱ የቀረበ ነው።

ማየት የምትፈልጉ ቅደም ተከተሉ ይኸው፦ የ1982ቱ፣ ከዚያ «ብላክ አውት 2022»፣ ከዚያ የ2036ቱና የ2048ቱ አጫጭር ፊልሞች፣ መጨረሻ ላይ «2049»። ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ በጋቢው ያልተስማማችሁም ጻፉልኝ።

«2049»ን ስታዩ ሁለት ነገር አትለፉ። አንደኛው ዓይን ነው። የኔክሰስ 8 መለያ ቁጥር ቀኝ ዓይናቸው ላይ ነው፤ የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ሬፕሊካንት አዳኙ ኬ፣ የሳፐርን ዓይን ለማስረጃ ይዞ ሲሄድ፣ የሬፕሊካንቶቹ አመፅ መሪ ፍሬይሳ ደግሞ ቀኝ ዓይን እንደሌላት ስታዩ፣ ኢጊ በአኒሜሽኑ መጨረሻ ላይ በገዛ ዓይኑ ያደረገውን አስታውሱ። ዲስኩ ላይ ያለው መዝገብ ተቃጠለ፤ የቀረው ሰውነት ላይ ያለው ነበር።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ኬ የሕፃናት ማሳደጊያው ውስጥ የእጅ ጽሑፍ መዝገብ ይከፍታል። ትልቅ፣ ያረጀ ጥራዝ ነው። ገጽ ይገልጣል፣ ይገልጣል፣ የሚፈልገው ዓመት ላይ ሲደርስ ገጾቹ ተቀድደዋል። ቅጂ የለም፣ ኮምፒውተር ላይ የለም፣ ሌላ ቦታ የለም። ያንን መዝገብ ለማጥፋት ሚሳኤልም ቦቴም አላስፈለገም፤ አንድ እጅ በቃው።